ጀልባው ላይ ጄኔሬተር ካለ ውስጥ አትተኚ

ሐሙስ ከሰዓት ሲሆን ከአሕመዲና ከፋሃሂል የሚወጣው መኪና ወደ ደቡብ ይነጉዳል። ጁለያ፣ በነይደር፣ ኸይራን፣ ኑወይሲብ፤ ባህሩን ተከትሎ የተደረደረው ሻሌ ሁሉ ይሞላል። ቤተሰቡ ለእረፍት ይሄዳል፤ እኛ ሩዙንና ስጋውን፣ የልጆቹን ልብስና ዳይፐር ጭነን ለስራ እንሄዳለን። ስለ ሻሌው ስራ ብዛት ሌላ ቀን እናወራለን። ዛሬ የማወራው ሻሌው ፊት ስለምትቆመው ትንሽ ጀልባ፣ እነሱ ጣራድ ስለሚሏት፣ እና እላይዋ ላይ ስለሚጫነው ጄኔሬተር ነው።

ትልልቅ ጀልባዎች ከፋብሪካ ጀምሮ አብሯቸው የተገጠመ ጄኔሬተር አላቸው። ለባህር ተብሎ የተሰራ ነው፣ ጭሱም በቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል። ትንሿ ጣራድ ይሄ የላትም። ስለዚህ ለበረሃው ድንኳን የተገዛው፣ ሁለት ሰው ተሸክሞ የሚያዞረው የቤንዚን ጄኔሬተር ከመኪናው ይወርድና ጀልባዋ ላይ ይወጣል። ለመብራት፣ ለስልክ ቻርጅ፣ ለሻይ ማፍያ፣ ሙቀት ሲሆን ለኤሲ፣ ብርድ ሲሆን ለማሞቂያ። ከዚያ ወደ ኩባር ደሴት ወይም ዳር ዳሩን ጉዞ ይጀመራል፤ አንዳንዴም እዚያው ይታደራል።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። ሰው በተሸፈነ ቦታ በሚተኛበት ትንሽ ጀልባ ላይ እንዲህ ያለ ጄኔሬተር መስራት የለበትም። «ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው»፣ «መስኮቱ ክፍት ነው» የሚባለው ነገር አያድንም። ደግሞ ይሄን ማወቅ ያለበት የጀልባው ባለቤት ብቻ አይደለም። የደህንነት ምክር ሁሌ የሚጻፈው ለባለንብረቱ ነው፤ ጄኔሬተሩ አጠገብ ቆማ ለምታበስለው፣ ልጆቹን ይዛ ውስጥ ለምትተኛው ማንም አይነግራትም። እኔ ከአገር ስወጣ በወሰድኩት ስልጠና ካውያና ልብስ ማጠቢያ ማሽን አሳይተውናል። ጄኔሬተር የሚባል ነገር ስሙም አልተነሳም።

ገዳዩን ግን ሁላችንም አገር ቤት እናውቀዋለን። የከሰል ጭስ ነው የምንለው። አዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቡና የተፈላበት ከሰል ማታ ለሙቀት ተብሎ ቤት ውስጥ ይቀራል፣ በር ይዘጋል፣ ጠዋት ጎረቤት በር ይሰብራል። የከተማው እሳት አደጋ ስለዚህ ነገር ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። «ከሰሉ ፍም ከሆነ፣ ካልጨሰ አይጎዳም» የሚሉ እናቶች አሉን፤ ይሄ ግን ስህተት ነው። የሚገድለው የምናየው ጭስ ሳይሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጉሮሮ አይከረክርም። ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር ሁሉ ያወጣዋል፣ ትንሽ ጄኔሬተር ደግሞ ከአንድ መኪና እጅግ የበለጠ ያወጣል። ጋዙ ሳንባ ገብቶ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ጉልበት ይይዘዋል። ሰውየው እየተነፈሰ ነው፤ ግን አንጎሉና ልቡ አየር አያገኙም። የተኛ ሰው ከሆነ ሳይነቃ ይሄዳል።

«ባህር ላይ ነፋስ አለ፣ ይወስደዋል» የሚለው ክርክር ይመጣል፤ መልስ ያለው ነው። ጀልባ ወደፊት ሲሄድ ከጀርባው ያለው አየር ወደ ጀልባው ተመልሶ ይሳባል፣ ከኋላ የተቀመጠው ጄኔሬተር ያወጣውንም ይዞ ይገባል። ጀልባው ቆሞ ከሆነ ጋዙ በሸራው ጣሪያ ስር ይከማቻል፤ በብርድ ወራት ደግሞ የጎኑ ፕላስቲክ እስከታች ይወርዳል፣ ያኔ ጀልባው የታሸገ ክፍል ነው። አጠገባችሁ የታሰረ ሌላ ጀልባ ጄኔሬተር ካስነሳም የእሱ ጋዝ እናንተ ጋ ይገባል። መኖሪያ ቤት ላይ የሚሰጠው ምክር ጄኔሬተሩ ከቤቱ ውጭ፣ ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ የጭስ ማውጫው ከበርና ከመስኮት ዞሮ ይቀመጥ የሚል ነው። አሁን ጣራዷን ከጫፍ እስከ ጫፍ በርምጃ ለኪያት። 6 ሜትሩን ከየት ታመጪዋለሽ?

ልጆች የምትጠብቂ ከሆንሽ ይሄን ደግሞ ስሚ። በነሐሴ 2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሌክ ፓወል በሚባል ሐይቅ ላይ ሁለት ታዳጊ ወንድማማቾች ከአንድ ትልቅ ጀልባ ጀርባ ሲዋኙ ሞቱ። የጀልባው ጄኔሬተር ጭሱን የሚያወጣው ሰው ለመዋኘት ከሚወርድበት መድረክ ስር ነበር፤ ልጆቹ እዚያ ገብተው ጋዙን ተነፈሱት። ክፍት ሐይቅ ላይ፣ በበጋ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ መንግስት የሰራተኞች ጤና ተመራማሪዎች ጉዳዩን አጥንተው የጀልባ ጄኔሬተር ጭስ አወጣጥ እንዲቀየር ወተወቱ። ልጆቹ በኋላ መሰላል በኩል ሲዋኙ ጄኔሬተሩም ሆነ ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ ይሄ ለድርድር አይቀርብም።

አሁን ወደ እኛ። ጀልባ ላይ ሰራተኛዋ የት ነው ያለችው? ወይ ከኋላ ምግብ ስታሞቅ ጄኔሬተሩ አጠገብ፣ ወይ ፊት ባለችው ዝቅተኛ ክፍል ከልጆቹ ጋር። ባባ መሪውን ይዞ ነፋስ ላይ ነው፤ ማዳም ውጭ ተቀምጣለች። መጀመሪያ ራሷን የሚያማት፣ የሚያዞራት፣ የሚያስመልሳት እኛዋ ናት። ያኔ የሚሰጣት መልስ አንድ ነው፦ ባህር አልለመድሽም። አንዳንዴም ሰነፍሽ ትባላለች። ከሴቶች ጋር ሳወራ ደጋግሜ የምሰማው ይሄን ነው፤ የሚያናድደኝም ይሄ ነው፤ ምክንያቱም የባህር ህመምና የጋዝ መመረዝ አጀማመራቸው ይመሳሰላል። የሚለዩበት ነገር ግን አለ። ባህሩ ሳይናወጥ ራስሽን ካመመሽ፣ አንቺን ብቻ ሳይሆን ልጆቹንም በአንድ ጊዜ ከያዛቸው፣ ክፍት አየር ላይ ስትወጪ ቀለል ብሎሽ ስትመለሺ ከባሰብሽ፣ ጋዝ ነው ብለሽ ያዢው። እንቅልፍ እንቅልፍ ሲል፣ ጉልበት ሲከዳሽና ነገር ሲምታታብሽ ደግሞ ጊዜ የለሽም።

እንዴት ይነገራል? ጄኔሬተር በዐረብኛ ሙወሊድ ነው። «ራሲ ይዐውርኒ፣ ሙወሊድ» ካልሽ ራሴን አመመኝ፣ ጄኔሬተሩ ነው ማለትሽ ነው። ስለ ራስሽ ስትናገሪ ካልሰሙሽ ስለ ልጆቹ ተናገሪ፦ «አልያሃል ራስሁም ይዐውርሁም»፤ የልጆቹን ራስ እያመማቸው ነው። ሴቲቱ ስለ አንቺ ከምትነግሪያት ይልቅ ስለ ልጇ ስትነግሪያት ቶሎ ትነሳለች። ይሄ ደስ አይለኝም፤ ግን ጄኔሬተሩ ከጠፋ ሁላችሁም ትድናላችሁ፣ አንቺም ጭምር።

«እኛ ምን አፍ አለን» የምትሉኝ እህቶች አላችሁ። ጥሉ ይቅር፣ ተጨቃጨቂ አልልሽም። ፍራሽሽን ይዘሽ ውጪ። ከጄኔሬተሩ የራቀው ክፍት ቦታ፣ ብዙ ጊዜ የፊተኛው ጫፍ፣ ቢበርድም ከውስጡ ይሻላል። ብርድ ልብስ ደርቢ፤ ላይፍ ጃኬቱንም ልበሺ፣ አብዛኞቻችን ዋና አንችልም። ልጆቹ ከአንቺ ጋር ከሆኑ እነሱንም አውጪ። የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሳሪያ ባትሪ ይዞ ይሸጣል፤ ቤተሰቡ ከገዛው ጥሩ ነው፣ ግን መሳሪያው ጄኔሬተሩን ለማስነሳት ፈቃድ አይደለም።

ሌላው ቤንዚን መሙላት ነው። «ሂጂና ሙዪው» ትባያለሽ። የጋለ ጄኔሬተር ላይ ቤንዚን ከፈሰሰ ይቀጣጠላል። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወደ ጀልባው ሆድ ይወርዳል፣ እዚያ ይተኛል፤ ይሄ ተሸካሚ ጄኔሬተር ደግሞ ብልጭታው እንዳይወጣ ተደርጎ የተሰራ አይደለም። መሬት ላይ ብትሆኚ ሮጠሽ ታመልጫለሽ። ባህር ላይ ወዴት? እዚህ ላይ እምቢ ማለት መብትሽ ነው ብዬ አምናለሁ። የኩዌት የቤት ሰራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68 የ2015፣ አሰሪው ሰራተኛዋን ለጤናዋ አደገኛ በሆነ ስራ እንዳያሰማራ ይከለክላል፤ የምትኖርበት ተስማሚ ማደሪያ እንዲሰጣትና እንዲያሳክማትም ያስገድዳል። የስራው ሰዓትም በቀን ከ12 አይበልጥም፤ ጀልባ ላይ ሌሊት ልጅ እየጠበቁ ማደር እረፍት ተብሎ ሊቆጠር አይገባም። አውቃለሁ፣ ሕጉ ጀልባው ላይ አብሮሽ አይሳፈርም። ግን ታመሽ ከተመለስሽና ሕክምና ከተከለከልሽ በሰው ኃይል ባለስልጣን ስር ላለው የቤት ሰራተኞች ክፍል ስታመለክቺ የምትይዢው እሱን ነው።

አንድ ሰው ራሱን ከሳተ መጀመሪያ ጄኔሬተሩ ይጥፋ፣ ሰውየው ወደ ክፍት አየር ይውጣ። ባህር ላይ ካላችሁ መሪውን የያዘው ሰው በሬዲዮ ቻናል 16 እርዳታ ይጥራ፤ ስልክ ከሰራ 112 ነው። ወተት ማጠጣት አገር ቤት የለመድነው ነው፤ ይሄን ጋዝ ግን ከደም አያወጣም። የሚያወጣው ኦክስጅን ነው። ዝም ብሎ ንጹህ አየር እየተነፈሱ ከደም ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ ሐኪም ቤት በማስክ ንጹህ ኦክስጅን ሲሰጥ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ሐኪም ቤት ስትደርሺ «ሙወሊድ» የሚለውን ቃል ከአፍሽ አትለዪው። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ ጋዝ ይታለላል፣ ደህና ነሽ ብሎ ሊያሳይ ይችላል፤ የደም ምርመራ እንዲያደርጉልሽ ጠይቂ። እርጉዝ ከሆንሽ ቀለል ቢልሽም ተናገሪ፤ ጽንሱ ከእናቱ የበለጠ ይጎዳል። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የመርሳት ወይም የራስ ምታት ችግር ከመጣብሽ ተመልሰሽ ሂጂ፤ ከዚህ ጋዝ ጋር ሊያያዝ ይችላል።

ቤተሰቡ ያለ መብራት ይደር አላልኩም። ሻሌው ላይ ቻርጅ የሚደረግ ትልቅ ባትሪ አለ፣ መብራትና ስልክ ያዳርሳል፣ ጭስ የለውም። ለመጠጡና ለስጋው በረዶ የሞላ ሳጥን ይበቃል። ሻይ በፔርሙዝ ተፈልቶ ይመጣል፣ እሱን ለማፍላት የምትነሺው ያው አንቺ ነሽ፣ ግን በሻሌው ወጥ ቤት ውስጥ።

ኖቬምበር አጋማሽ ላይ የድንኳኑ ወቅት ሲጀምር ያው ጄኔሬተር ከጀልባው ወርዶ በረሃ ይገባል፤ ከእሱ ጋር ፈሕሙም፣ ማለትም ከሰሉም ይመጣል። የሰራተኛዋ ድንኳን ብዙ ጊዜ ከወጥ ቤቱ ጎን፣ ከጄኔሬተሩም ጎን ነው የሚተከለው። ገና ሲተከል፣ ካስማው ሳይመታ፣ የጭስ ማውጫው ወደየት እንደዞረ እዪ፤ 6 ሜትሩን በርምጃሽ ቁጠሪ፤ ካነሰ ድንኳንሽን ወዲያ እንዲያርቁልሽ ያኔውኑ ጠይቂ፣ ከተተከለ በኋላ ማንም አይነቅለውም።