አንቴናውን በእጃችሁ እንዳትጎትቱ!

ይኸውላችሁ፣ የጉለሌን የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ የኖረበት ያውቀዋል። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ መኪናንም ያኮማትራል።

አጎቴ መኪናቸውን ለሰው አያውሱም። የጓደኛዬን ሽማግሌዎች እንዳደርስበት ግን ከስንት ልመና በኋላ ቁልፉን ሰጡኝ። ዕድሜ ጠገብ ናት፤ ሬዲዮ ሲከፈት አንቴናዋ እዝዝ እያለ ይወጣል፣ ሲዘጋ ይገባል። እሁድ በማለዳ ሬዲዮኑን ከፈትኩ። አንቴናው ግማሽ ድረስ ወጣና ቀጥ! ሞተሩ ግን ጠ-ጠ-ጠ ይላል። እኔ ጀግናው ወርጄ በእጄ ሳብኩት። ቀጭ!

የልጅቷ አባት «ይሁን» ብለው ሰው ሁሉ ሲስቅ፣ የእኔ ጆሮ ውስጥ የነበረው ያ «ቀጭ» ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሞተሩ ጥርስ ያለው ረጅም የፕላስቲክ ገመድ ይገፋል፤ አንቴናውን የሚያወጣው እሱ ነው። በብርድ አሮጌ ግራሶ ይጠጥራል፣ አቧራ የጠጣው ዘንግም ይጣበቃል። ያን ጊዜ ከታገላችሁት የገመዱ ጥርስ ይበላል፣ ወይም እንደኔ ይበጠሳል። ስለዚህ ሬዲዮኑን ዝጉና ፀሐይ ጠብቁ። ሞተሩ ዝም ካላለ ቫልቮላውን ንቀሉ።

ፀሐይ ሞቅ ሲል አንቴናውን ሙሉ በሙሉ አውጡትና ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ መገጣጠሚያ በመገጣጠሚያ ጥረጉት። ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት፣ ከዚያ አራት አምስቴ ማውጣት ማስገባት፤ የሚወጣውን ቆሻሻ እየጠረጋችሁ። ግራሶ ግን በጭራሽ! አቧራ ይሰበስብና ይብስበታል። ከሥሩ ያለችውን የውኃ መውጫም እዩ፤ ጭቃ ከደፈናት የክረምቱ ውኃ እዚያው ይተኛል።

ገመዱ ከተበጠሰ ሞተሩን ሁሉ ግዙ የሚላችሁን አትስሙ፤ ዘንግና ገመዱ ለብቻው ይቀየራል። እኔ ያገለገለ ከሶማሌ ተራ አገኘሁ። ሥራው ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ሰው ደግሞ አጎቴ ነበሩ። እውነቱን ነገርኳቸው። ዝም ብለው አንቴናውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ካፖርታቸውን አውልቀው መሪው ጋ ተቀመጡ። ላይኛውን ዳዶ ፈታሁ፤ ሬዲዮኑን ሲከፍቱ አሮጌው ተገፍቶ ወጣ። ቁራጩ ውስጥ ቢቀር ኖሮ ሞተሩን መክፈት ግድ ነበር። የአዲሱን ጥርስ ወደ ሞተሩ ማርሽ አዙሬ ከተትኩና «ጋሼ፣ ይዝጉት!» አልኩ። እዝዝ ብሎ ስቦ አስገባው።

ቁልፉን ግን እስካሁን ደግመው አልሰጡኝም።