«መርዝ ተገኝቷል» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰው ሞተ፤ አስከሬኑ ተመረመረ፤ በወረቀቱም ላይ «የፀረ ተባይ መርዝ ተገኝቷል» የሚል አንድ መስመር ሰፈረ እንበል። ስንት? ከየትኛው የሰውነት ክፍል? ናሙናው ከሞት በኋላ በስንተኛው ሰዓት ተወሰደ? ለእነዚህ መልስ የሌለውን ወረቀት እኔ ማስረጃ ብዬ አልጠራውም። ተማሪዬ ቁጥር የሌለው የቤተ ሙከራ ውጤት ቢያቀርብልኝ ዜሮ እሰጠዋለሁ፤ ታዲያ የሰው ነጻነት ከተማሪ ማርክ ያነሰ ሆኖ ነውን?

ዲዲቲን እንውሰድ። አገራችን ወባን ለመከላከል ለአሥርት ዓመታት በየቤቱ ግድግዳ ስትረጨው ኖራለች። ዲዲቲ በሰውነት ስብ ውስጥ ይከማቻል፤ ከእርሱ የሚገኘው ዲዲኢም ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ወባ በበዛበት ቆላ ያደገ ገበሬ በመኪና አደጋ ቢሞትና ስቡ ቢመረመር እንኳ ዲዲቲ ሊገኝበት ይችላል። ያው ገበሬ በድንገት ቤቱ ሞቶ ቢገኝ ግን ምግቡን የሠራችው ሚስቱ ተጠርጣሪ ትሆናለች። የዕድሜ ልክ ቅሪትን ከትናንት ማታው መርዝ የሚለየው መጠኑ ነው፤ መጠኑም ትርጉም የሚኖረው በዚያ አካባቢ ጤነኛ ሰው ላይ ከሚገኘው ጋር ሲነጻጸር ነው።

የማላታይን ነገር ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። በደም ውስጥ ፈጥኖ ይፈራርሳል፤ ደሙ ተቀድቶ በብልቃጥ ከተቀመጠ በኋላም መፈራረሱ አያቆምም። ለዚህ ነው ናሙናው ሶዲየም ፍሎራይድ ተጨምሮበት በቶሎ መቀዝቀዝ ያለበት። በሽንት ውስጥ የሚቀረውን ስብርባሪ ያልፈለገ፣ የኮሊንኢስትሬዝን አቅም ያልለካ መርማሪ «አልተገኘም» ብሎ ቢጽፍ ገዳይን በነጻ ሊያሰናብት ይችላል። ደሙ ከየት እንደተቀዳም መጻፍ አለበት፤ ከሞት በኋላ በጨጓራ የቀረው መርዝ ወደ ልብ አካባቢ ደም ሊሰርግ ስለሚችል የጭን ደም ሥር ይመረጣል።

«ድሃ አገር ነን፣ መሣሪያው ውድ ነው» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን በቡናችን ላይ ከወሰኗ ያለፈ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ ባለች ጊዜ ወደዚያ የምንልከው ቡና ክፉኛ አሽቆለቆለ፤ ነገሩም የመንግሥት ራስ ምታት ሆነ። ያን ጊዜ «ተገኝቷል» ብቻ ሳይሆን «ስንት?» ብለን መከራከርን ችለን ነበር። ለቡና የጠየቅነውን ቁጥር ለሬሳ መጠየቅ እንዴት ቅንጦት ይሆናል?

ይህን ለመጠየቅ ኬሚስት መሆን አያስፈልግም። የተከሳሿ ጠበቃ ምርመራውን የሠራው ባለሙያ በአካል ቀርቦ ይጠየቅልኝ ብሎ ማመልከት፣ ሲቀርብም ከላይ ያሉትን ሦስት ጥያቄዎች ማንሳት ይችላል። ዳኛውም መልሱ በመዝገብ ሳይሰፍር ወደ ፍርድ አይለፍ።