«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ለሰርቨር አይሠራም

በየመሥሪያ ቤቱ የሰርቨር ግዢ ሲታሰብ ስፔሲፊኬሽኑ ላይ ቀድማ የምትጻፍ አንዲት መስመር አለች፦ «ባለ ሁለት ፕሮሰሰር ማዘርቦርድ፣ ቢያንስ 6 የማስፋፊያ ስሎት ያለው»። ካለፈው ዓመት ሰነድ ተገልብጣ ዘንድሮም ትለጠፋለች። ለምን ሁለት? ለምን ስድስት? ጠያቂ የለም። ሁለት ከአንድ ይበልጣል፣ ስድስት ከአራት ይበልጣል፤ ኮሚቴው ይፈርማል፣ ገንዘቡ ይወጣል።

የሚወጣው ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ነው። የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተለቀቀ ወዲህ ሥራ የማይሠራ አንድ ትርፍ ፕሮሰሰር ምን ያህል ብር እንደሚበላ ለመገመት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የሆስፒታል መድኃኒትና የማሽን መለዋወጫም የሚገዛው ከዚያው ዶላር ላይ ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው ስሎትን በመቁጠር ነው። ስሎት የቧንቧ አፍ ነው። በአንድ ግቢ ስድስት ቧንቧ ቢደረደር፣ ከኋላቸው ያለው መስመር ውሃ ከሌለው ስድስቱም ጌጥ ናቸው። በማዘርቦርድ ላይ ውሃው የሚመጣው «ሌን» በሚባሉት የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመሮች ነው፤ ሌኖቹ ደግሞ በዋናነት የሚወጡት ከራሱ ከፕሮሰሰሩ ነው። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ድሮ ስሎቶቹ ቦርዱ ላይ ካለው ቺፕሴት ጋር ይያያዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢንቴል ዢዮን ኢ5-2600ን ሲያወጣ ግን እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱን 40 ሌን ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ «ስንት ስሎት አለው?» ከማለት በፊት «የትኛው ስሎት ከየትኛው ፕሮሰሰር ጋር ነው የተያያዘው?» መባል ነበረበት። የጨረታ ሰነዱ ግን እዚያው ድሮ ላይ ቆሟል።

ውጤቱ ምንድን ነው? አቅራቢው ባለ ሁለት ሶኬት ማዘርቦርድ ያቀርባል፣ ዋጋ ለመቀነስ አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ይገጥምበታል፣ «ሁለተኛው ለወደፊት ማሳደጊያ ነው» ይላል። ሰነዱን በቃሉ አሟልቷል። ሶኬቱም ሁለት ነው፣ ስሎቱም ስድስት ነው። ነገር ግን ከባዶው ሶኬት ጋር የተያያዙት ስሎቶች ሙት ናቸው። ግራፊክስ ካርድ ቢሰካባቸው ማሽኑ አያየውም። «ወደፊት» ሲደርስ ደግሞ ሁለተኛው ፕሮሰሰር ከመጀመሪያው ጋር የሚጣጣም፣ አብዛኛውን ጊዜም ያው ሞዴል መሆን አለበት፤ የራሱ ማቀዝቀዣና የራሱ ሜሞሪም ያስፈልገዋል። ያ ሞዴል በዚያን ጊዜ ገበያ ላይ ላይኖር ይችላል።

«እንግዲያው ሁለቱም ተገጥሞ ይምጣ» የሚል ይኖራል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣውን የመጀመሪያውን ኤፒክ ፕሮሰሰር እንመልከት። አንዱ ብቻውን ሲሠራ 128 ሌን ይሰጣል። ሁለቱ በአንድ ቦርድ ላይ ሲገጠሙ የሚሰጡት ስንት ነው? 256? አይደለም፤ ያው 128 ነው። እያንዳንዱ 64 ሌኑን ከጓደኛው ጋር ለመነጋገር ያውለዋል። በኋላ በመጡት ትውልዶችም በአንዳንድ ቦርዶች ላይ ቢበዛ 160 ቢደርስ ነው። ለስሎት ሲል ሁለተኛ ፕሮሰሰር የገዛ ሰው በመጀመሪያው ትውልድ አንዲት ሌን እንኳ አላተረፈም።

የኮር ብዛትም ምክንያት መሆኑ እየቀረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ኢ5-2600 ቢበዛ 8 ኮር ነበረው፤ ሁለት መግጠም ያኔ ትርጉም ነበረው። በ2019 አንድ ኤፒክ 64 ኮር፣ በ2022 ደግሞ 96 ኮር ይዞ ወጥቷል። ዊንዶውስ ሰርቨር ከ2016ቱ እትም ጀምሮ ፈቃዱ የሚሰላው በኮር በመሆኑ፣ ሳያስፈልግ የተጨመረ ኮር የፈቃድ ክፍያም ይዞ ይመጣል።

ሌላው ክርክር «አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሠራል» የሚለው ነው። አይሠራም። በተለመዱት ሰርቨሮች ሁለቱ ፕሮሰሰሮች እንደ አንድ ማሽን ነው የሚሠሩት፤ በሥራ ላይ አንዱ ሲወድቅ ማሽኑ አብሮ ይወድቃል። ሁለቱ በደህና ሲሠሩም ቢሆን ግራፊክስ ካርዱ በአንደኛው፣ ኔትወርክ ካርዱ በሌላኛው በኩል ከተሰካ፣ መረጃው በሁለቱ መካከል ያለውን ድልድይ እየተሻገረ ይዘገያል።

በእርግጥ ሁለት ፕሮሰሰር የሚገባው ሥራ አለ። ከአንድ ፕሮሰሰር አቅም በላይ ሜሞሪ የሚፈልግ ትልቅ ዳታቤዝ፣ ስምንት ግራፊክስ ካርድ የሚሸከም የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማሽን ባለ ሁለት ሶኬት ቢሆን የሚነቅፍ የለም። ክርክሩ ሥራው ሳይታወቅ ቦርዱ ለምን ይመረጣል የሚለው ነው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ሁለት ግራፊክስ ካርድ እያንዳንዱ 16 ሌን ቢፈልግ 32። አራት ኤንቪኤምኢ ዲስክ በ4 በ4፣ 16። ፈጣን ኔትወርክ ካርድ 8፣ የስቶሬጅ መቆጣጠሪያ 8። ድምሩ 64። ይህን ሁሉ አንድ ኤፒክ ተሸክሞ ግማሹ ሌን ይተርፈዋል። ለአብዛኛው ዩኒቨርሲቲና ለአብዛኛው ቢሮ ከዚህ የሚበልጥ ካርድ የትኛው ነው? ይዘርዘር!

ስለዚህ «6 ስሎት» የምትለው መስመር ተሰርዛ ሦስት ነገሮች ይተኩ። አንደኛ፣ የሚሰካው ካርድ ሁሉ ከነሌኑ ይዘርዘር። ረጅም ስሎት ሁሉ 16 ሌን የለውም፤ በቁመቱ 16፣ በሽቦው 8 የሆነ ሞልቷል። ወፍራም ግራፊክስ ካርድም የጎረቤቱን ስሎት ይሸፍናል። ሁለተኛ፣ አቅራቢው የቦርዱን ብሎክ ዲያግራም ያያይዝ፤ የትኛው ስሎት ከየትኛው ፕሮሰሰር እንደሚነሳ እዚያ ላይ ተስሏል። ሦስተኛ፣ ካርዶቹ ሁሉ ተሰክተው፣ ማሽኑ በሙሉ ፍጥነታቸው ማየቱ ሳይረጋገጥ የርክክብ ፊርማ አይፈረም።

ተረቱ ራሱ አልተሳሳተም። ከአንድ ብርቱ ሁለት ይሻላል፤ ሁለት መሆን ያለበት ግን ማሽኑ ነው። ሁለት ባለ አንድ ፕሮሰሰር ሰርቨር የገዛ መሥሪያ ቤት አንዱ ቢቆም በሌላው ባለጉዳይ ያስተናግዳል። ሁለቱን ፕሮሰሰር በአንድ ቦርድ ላይ ያሰረ ግን ያ ቦርድ የተቃጠለ ቀን በሩ ላይ የሚለጥፈው ወረቀት ከወዲሁ የታወቀ ነው፦ «ሲስተም የለም»።