ከኸምር ለሚመለስ ወንድማችን ቦታ አለን?



በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ማይ ኔም ኢዝ ቢል ደብልዩ» የተባለ የአሜሪካ ፊልም ስናነሳ «የካፊር ፊልም ምን ያደርግልናል?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ታሪኩን ግን ስሙት። ቢል ዊልሰን መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት ሆኖታል። በ1935 በአሜሪካዋ አክሮን ከተማ ሥራው ከሸፈበትና ሆቴል ውስጥ ብቻውን ቀረ። መጠጥ ቤቱ እዚያው ነው። ስልክ አንስቶ የሚያወራው ሌላ ሰካራም አፈላለገ። ዶክተር ቦብ ስሚዝ ለ15 ደቂቃ ብሎ መጥቶ ከ6 ሰዓት በላይ አወሩ። ዛሬ በዓለም የተስፋፋው የአልኮል ሱሰኞች መረዳጃ ማኅበር የተወለደው ከዚህ ነው።

እኛስ? ኸምር ሐራም ነው፤ ድርድር የለውም። ግን ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ዐብዱላህ የሚባል ሶሐባ ጠጥቶ በተደጋጋሚ ተቀጥቷል። አንዱ ሲረግመው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከለከሉት፤ አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ መሰከሩለት። ቅጣቱም አልቀረ፣ ወንድምነቱም አልቀረ።

በድራማዎቻችን ሰካራም የሚንገዳገደው ብዙ ጊዜ ሊያስቀን ነው። ሰቆጣም ሆነ ሰሃላ አረቄ የለመደ ልጃችን ሲያልፍ እንጠቋቆማለን፤ ሰላምታ እንነፍገዋለን። ታዲያ ከአረቄ ቤቱ ሌላ ማን ይቀበለው? ሐሜትም ሐራም መሆኑን የረሳነው መቼ ነው?

ካሜራ ያላችሁ ወጣቶች፣ ሶሐባን በተዋናይ ማሳየት ዑለማዎች የተነጋገሩበት ነው፤ እሱን ተዉት። ከሱስ የተመለሰ የሰፈራችሁን ልጅ ታሪክ ግን፣ ፈቅዶላችሁ፣ ስሙን ሳትጠሩ ሥሩት። እስከዚያው ዛሬ ከመግሪብ በኋላ አንዱን አጠገባችሁ አስቀምጡት። ለመጀመሪያው ቀን 15 ደቂቃ ይበቃል።