ሰማንያ በመቶ እስኪሞላ

የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመታት ሲመክር የኖረው እንዲህ ነው፦ በመደበኛውም ይሁን በዘመቻ፣ የኩፍኝ ክትባታችሁ ሰማንያ በመቶ ሕፃናትን ካላዳረሰ፣ እርጉዝ ሴት ስትያዝ ፅንሱን የሚጎዳውን የሩቤላን ክትባት አትጀምሩ። ምክሩ ከሜዳ አልመጣም። ግሪክ የሩቤላን ክትባት በ1975 (እ.ኤ.አ.) ብታስገባም ለረጅም ጊዜ የተከተቡት ከግማሽ በታች ነበሩ። የቫይረሱ ዝውውር ሲቀንስ፣ በልጅነታቸው ሳይያዙም ሳይከተቡም ያደጉ ሴቶች በዙ። የ1993ቱ ወረርሽኝ ያገኘው እነሱን ነው፤ 25 ሕፃናት ጉዳቱን ይዘው ተወለዱ።

ከዚህ ተነስቶ «ብዙ ካልቻላችሁ ጭራሹን ተዉት» ማለት ግን አይዋጥልኝም። የግሪክ ጥፋት መጀመሯ ሳይሆን ትልልቆቹን ልጆች መዝለሏ ነው። ሀብትም ሐኪምም ያልጎደላት ጃፓን እንኳ በ1977 ልጃገረድ ተማሪዎችን ብቻ ከትባ ወንዶቹን ተወች። በ2012 እና 2013 ወረርሽኝ ሲነሳ በብዛት የታመሙት እነዚያው የጎለመሱ ወንዶች ሆኑ፤ ለእርጉዞችም ተረፉ፤ 45 ሕፃናት ተጎዱ። ዛሬ አዲስ የሚጀምር አገር አስቀድሞ ከ9 ወር እስከ 14 ዓመት ያሉትን ሁሉ፣ ሴት ወንድ ሳይል፣ በዘመቻ ይከትባል። ቀዳዳው በአብዛኛው ይደፈናል።

ይበልጥ የሚያበሳጨው የሥራው ቅለት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የኩፍኙን ብልቃጥ ከበረዶ ሳጥኑ አውጥታ ዱቄቱን ታሟሟለች፤ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ትጥለዋለች። የኩፍኝና የሩቤላ ጥምሩም አያያዙ ያው ነው፤ ያው ሳጥን፣ ያው መርፌ፣ ያው ክንድ። ሕፃኑ እንደሆነ ለኩፍኙም ማልቀሱ አይቀርም!

የሰማንያ በመቶው መስፈርት የከለከለው ደግሞ ጉዳታቸው የማይቆጠርላቸውን ነው። እናትየዋ በእርግዝናዋ የመጀመሪያ 12 ሳምንታት በሩቤላ ከተያዘች ልጇ የዓይን ሞራ፣ የመስማት ችግር ወይም የልብ ሕመም ይዞ ሊወለድ ይችላል። እሷ ግን ቀላል ሽፍታዋን ረስታዋለች፤ ጎረቤት ቁጣ ነው ይላል፣ መዝገብም ላይ አይሰፍርም።

በመስከረም 2024 የዓለም ጤና ድርጅት የክትባት አማካሪዎች መስፈርቱ እንዲነሳ መከሩ። ያኔ ናይጄሪያ፣ ኮንጎ ኪንሻሳና ኢትዮጵያ ክትባቱን በመደበኛ ፕሮግራማቸው ገና አልጀመሩም ነበር። በተጠበቀባቸው ዓመታት አሥራ አምስት የሞላቸው፣ በልጅነታቸውም ሩቤላ ያልያዛቸው ልጃገረዶች ከዘመቻው የዕድሜ ጣሪያ አልፈዋል። ለእነሱ የተለየ ክትባት ካልታቀደ የመስፈርቱ መነሳት አይደርስላቸውም።