አንዱ ክፍለ ሀገር ሲደኸይ አገር ትደክማለች



ሰሞኑን በመኝታ ቤትም ሆነ በምግብ አዳራሽ ተደጋግሞ የሚነሳ አንድ ክርክር አለ። «አገር የምትጠነክረው ጠንካራው አካባቢ ሲቀድም ነው፤ ፋብሪካ፣ መንገድና ገበያ ያለው ይሩጥ፤ ደካማው በኋላ ይደርሳል» የሚሉ ጓደኞች ብዙ ናቸው። አባባሉን ላይ ላዩን ሲያዩት እውነት ይመስላል። የአገር ገንዘብ ውስን ነው፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ማዳረስ አይቻልም። ይህን የሚክድ የለም። ግን «በኋላ ይደርሳል» የተባለው አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ምን ይሆናል? ጉዳቱስ እዚያው ታጥሮ ይቀራል ወይ? በኔ እምነት አይቀርም። ማስረጃዬንም ከሩቅ አገር አላመጣም፤ ከራሳችን ታሪክ፣ ከወሎ አመጣለሁ።

በ1964 ዓ.ም. ክረምቱ፣ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ የበልጉ ዝናብ ወሎ ላይ ሳይጥል ቀረ። ከዚያ በኋላ የደረሰውን ረሃብ ሁላችንም በታሪክ ትምህርት ሰምተናል። የሞተው ሕዝብ ቁጥር እንደ አጥኚዎቹ ግምት ይለያያል፤ ዝቅተኛው ግምት እንኳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው። ብዙዎቻችን ግን «ዝናብ ጠፋ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው ተራበ» ብለን ነው የምናልፈው። ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም።

በኋላ በ1998 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሕንዳዊው ምሁር አማርትያ ሴን፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የረሃብ ጥናት ውስጥ የወሎን ጉዳይ በዝርዝር መርምሮ ነበር። ያገኘው ነገር ያስደነግጣል። በዚያ ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ የምግብ ምርት ያን ያህል አልቀነሰም። በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ሰው እንደሚገምተው አልናረም። እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ እንደነበር ተዘግቧል። አስቡት እንግዲህ! ሰው በመንገድ ዳር በረሃብ እየወደቀ፣ እህል የጫነ መኪና በዚያው መንገድ ያልፋል።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? እህል የራሱ እግር የለውም፤ የሚጫነው ገንዘብ ወዳለበት ነው። የወሎ ገበሬ ማሳው ሲከዳው የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውንም ነው ያጣው። ሊሸጥ የሚችለው በሬውን ነበር፤ ሁሉም ገበሬ በአንድ ጊዜ በሬውን ገበያ ሲያወጣ ግን የከብት ዋጋ ወደቀ። «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ማለት ይኸው ነው። ገበሬው ሠራተኛ መቅጠር ሲያቅተው የቀን ሠራተኛውና የቤት አገልጋይዋ ተባረሩ። ጭሰኛውም ከመሬቱ ተነቀለ። በምሥራቅ በኩል የነበረው የአፋር አርብቶ አደር ችግሩ ቀድሞም ጀምሮታል፤ በበጋ ከብቶቹን የሚያሰማራበት የአዋሽ ዳር ምርጥ ግጦሽ ለትላልቅ የንግድ እርሻዎች ተወስዶበት ነበር። እርሻዎቹ በአገር ሂሳብ «እድገት» ተብለው ተመዝግበዋል። የአርብቶ አደሩ ኪሳራ ግን በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም።

እዚህ ላይ እኛ እጩ መምህራን በቀላሉ የምንረዳው ምሳሌ አለ። ሁለት ተማሪዎች ያሉበት ክፍል ነው እንበል። አንዱ ከመቶ 90 አገኘ፤ ሌላው 20። አማካዩ 55 ነው። ታዲያ «ክፍሉ አልፏል» ብሎ የሚፈርም መምህር አለ? ቢኖርስ መምህር እንለዋለን? በዚያን ጊዜ የአገሪቱ አማካይ የምግብ ምርት ደህና ነበር። በአማካዩ ውስጥ ግን ወሎ ወድቆ ነበር።

«እሺ፣ ይህ የወሎ ሐዘን ነው፤ የአገር ጥንካሬ የሚነካው በምን በኩል ነው?» የሚል ሊኖር ይችላል። መጀመሪያ ተራውን የገበያ ነገር እንይ። ገበሬ እህሉን ሲሸጥ ጨው፣ ጋዝና ጨርቅ ይገዛል። እህል የማይሸጥ ገበሬ ግን አቡጀዲ አይገዛም። አቡጀዲ ካልተገዛ በሌላ ከተማ ያለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መጋዘኑ ይሞላል፤ ሠራተኛውም ሥጋት ይገባዋል። ከደኸየው አካባቢ የሚሰበሰብ ግብር ይቀንሳል፤ ለዚያው አካባቢ የሚወጣው ወጪ ግን ይጨምራል። ልጆች ትምህርት አቋርጠው ወደ ከተማ ይጎርፋሉ፤ ከተማውም ሥራ የለውም። እንግዲህ «ጠንካራው ይሩጥ» የተባለው ከተማ ራሱ ሸክሙን ተሸክሞ ነው የሚሮጠው።

ሁለተኛው የመንግሥት ነገር ነው። ረሃቡ ለብዙ ወራት ከአደባባይ ተሰውሮ ቆየ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም ለዓለም ሲታይ ግን መደበቅ ቀረ። በጥር በነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮች ስለ ምግብና ውሃ አቤቱታ አንስተው አመፁ። በየካቲት የቤንዚን ዋጋ መጨመሩን የተቃወሙ የታክሲ ነጂዎች፣ የትምህርት ዘርፍ ጥናቱን የተቃወሙ መምህራንም ሥራ አቆሙ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ የወሎ ረሃብ ብቻ ነበር አልልም፤ እንዲህ ማለት ታሪክን ማጣመም ነው። ነገር ግን ለዘመናት የቆመ የሚመስል መንግሥት፣ አንድ ጠቅላይ ግዛት ከእጁ ላይ ሲሞት ዝም ማለቱ በሕዝብ ዘንድ የነበረውን ክብር ክፉኛ ሸርሽሮበታል።

ትምህርቱስ ተወሰደ ወይ? ሙሉ በሙሉ አልተወሰደም። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ይህ ጥሩ ጅምር ነበር። ሆኖም ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም.፣ ወሎና ትግራይ እንደገና በከፋ ረሃብ ተመቱ። በዚህኛው ላይ ጦርነቱም ተጨምሮበታል። መስከረም ሲጠባ ግን አዲስ አበባ በአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል አሸብርቃ ነበር። ዋና ከተማው ያጌጠ፣ ዳሩ የተራበ አገር ጠንካራ ይመስላል እንጂ ጠንካራ አይደለም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አባቶቻችን። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከዚህ አስተሳሰብ የሚቀርብ ነው። በየዓመቱ የምግብ እጥረት የሚደርስባቸው ሰዎች እርከን እየሠሩ፣ መንገድ እየጠረጉ ገንዘብ ወይም እህል እንዲያገኙ ያደርጋል። ዋናው ቁም ነገር ገበሬው በሬውን ሳይሸጥ፣ ጎጆውን ጥሎ ሳይሰደድ እንዲደርሱለት ነው። በሬ የሸጠን ገበሬ ወደ ማሳው መመለስ ስንዴ ከማደል በላይ ይከብዳልና። ፕሮግራሙ ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም፤ መንገዱ ግን ትክክለኛ ነው እላለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ተመርቀን ምደባ ሲወጣ «እኔን እዚያ በረሃ?» የምንለው እኛው አይደለንም እንዴ! ዘመድ ፈልጎ ከተማ ለመቅረት የማይሯሯጥ ስንት ነው? ሰው እናትና አባት አለው፣ ሕመም አለው፣ የተቸገረበት ምክንያት ይኖረዋል፤ አልፈርድም። ሆኖም ደካማ አካባቢ ይበልጥ የሚደክመው መጀመሪያ መምህሩ፣ ቀጥሎ ነርሷ፣ ከዚያ የግብርና ባለሙያው ጥለውት ሲሄዱ ነው። ያን ጊዜ «ይህ አካባቢ አያድግም» ማለት ቀላል ይሆናል፤ እንዳያድግ ካደረጉት አንዱ ግን ተናጋሪው ራሱ ነው።

ደግሞም መምህር ማንም ሳያይ የሚያየው ነገር አለ። የስም መጥሪያውን ልብ ብላችሁ አስቡ። ትናንት 60 የነበረው ክፍል በአንድ ወር ውስጥ 40 ከሆነ፣ የቀሩት ልጆች ወይ ከብት ይዘው ውሃ ፍለጋ ሄደዋል፣ ወይ ለቀን ሥራ ወጥተዋል፣ ወይ ሆዳቸው ባዶ ሆኖ መንገዱ አቅቷቸዋል። የመንግሥት ሪፖርት ሳይደርስ፣ ጋዜጠኛም ሳይመጣ፣ ችግሩ መጀመሪያ የሚጻፈው በዚያ ስም መጥሪያ ላይ ነው። «ቀሪ» ብሎ ምልክት አድርጎ ዝም የሚል መምህርና «ለምን ቀረ?» ብሎ ለወረዳው የሚያሳውቅ መምህር እኩል አይደሉም።

ለመምህሮቻችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። በጂኦግራፊ ትምህርት «ወሎ ማሽላና ጤፍ ያመርታል፣ ሐረርጌ ቡና ያመርታል» እያልን ስንማር ኖረናል። የሚያመርተውን ብቻ ሳይሆን ሲከፋው ምን እንደሚሸጥ፣ የት እንደሚሰደድ፣ የማን ገበያ አብሮ እንደሚቀዘቅዝም ብንማርና ብናስተምር መልካም ነው። ያን ጊዜ ተማሪያችን የሌላውን ክፍለ ሀገር ችግር የራሱ አገር ችግር አድርጎ ማስላት ይለምዳል። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው ለአንድ ሰው እንኳ የሚያዛልቅ አይደለም፤ ለአገር ሲሆንማ ኪሳራው በ1966 እና በ1977 ተቆጥሮ ታይቷል።