ወንበር ማሞቅና ማስመስከር

ባለፈው ቅዳሜ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ የምርቃት ድግስ ላይ ነበርኩ። ተመራቂዋ የ43 ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። ዋሽንግተን መሀል ከተማ፣ ከመሬት በታች ባለ ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ስትሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። በዚህ ወር በቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን የባችለር ዲግሪዋን ያዘች። ዳቦው ተቆርሶ፣ አባቶች መርቀው፣ ወጡ መቅረብ ሲጀምር ከእኔ ትንሽ አለፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው ወደ ጎረቤቱ ጎንበስ አለና «ይሄ እኮ የፈተና ዲግሪ ነው፤ ክላስ ቁጭ ብላ አልተማረችም» አለ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። እሷ ግን ሳህን ይዛ ከኋላችን ቆማ ነበር። ሰማችው። ሳህኑን አስቀምጣ ምንም ሳትል ሄደች። እኔም ምንም ሳልል ቀረሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ የቆጨኝም ይኸው ነው። ያልመለስኩለትን ዛሬ እዚህ እመልስለታለሁ።

የዚህ ዓምድ ነባር አንባቢ ወንበር ከሚያመልኩ ሰዎች ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ያውቃል። «ስንት ዓመት ተማርክ?» ይላሉ እንጂ «ምን ታውቃለህ?» አይሉም። ከዚህ በፊት በነርሶቻችን ጉዳይ ተጣልተናል፣ በመካኒኮቻችን ጉዳይም ተጣልተናል። አሁን ደግሞ በዚች እህታችን መጡብኝ።

ሰውየው የተናገረው ሳያውቅ ነውና መጀመሪያ እንዴት እንደተማረች ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ የባችለር ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው፤ አንድ ኮርስ በተለምዶ 3 ክሬዲት ይይዛል። ሁሉም ክሬዲት ግን ከአንድ ግቢ መምጣት የለበትም። እሷ ከሰንጋ ተራው ኮሜርስ በአካውንቲንግ ዲፕሎማ ነበራት። እዚህ አገር ከገባች ጀምሮ ሻንጣ ውስጥ ተኝቶ የኖረ ወረቀት ነው። የውጭ አገር ማስረጃ ለሚመዝን ድርጅት ትራንስክሪፕቷን ከአዲስ አበባ አስልካ ስታስመዝነው 45 ክሬዲት ሆነላት። ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ከዜሮ የምጀምር ነበር የመሰለኝ» አለችኝ።

ቀጥላ፣ ያለፈ ሰው ኮርሱን ሳይወስድ ክሬዲት የሚያገኝበትን ክሌፕ የሚባል ፈተና አገኘች። የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ነው፤ ልጆቻችን ቅዳሜ ማለዳ ኤስኤቲ የሚፈተኑበት ያው ድርጅት። ፈተናው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ አለ። ከ30 በላይ ትምህርቶችን ይሸፍናል፤ ለቢዝነስ ተማሪ የሚሆኑት የሒሳብ አያያዝ፣ የንግድ ሕግ፣ ማኔጅመንት፣ ማርኬቲንግ፣ ማይክሮና ማክሮ ኢኮኖሚክስ ሁሉ አሉበት። አንዱን ለመፈተን 100 ዶላር እንኳ አይሞላም፤ የመፈተኛው ጣቢያ ከዚያ ላይ የራሱን ጥቂት ይጨምራል። ያንኑ ትምህርት ኖቫ በሚባለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ ለመማር ለአንድ ኮርስ ከ500 ዶላር በላይ ይጠየቃል። ሞደርን ስቴትስ የሚባል በጎ አድራጊ ድርጅት ደግሞ ማዘጋጃ ትምህርቱን በነፃ ያስተምራል፤ ትምህርቱን ለጨረሰ ሰውም የፈተናውን ክፍያ ይሸፍናል። ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል፤ እኔም ያወቅሁት ከእሷ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው ለሚል ሰው ማርኬቲንጉን ላንሳለት። በ90 ደቂቃ ውስጥ ወደ 100 ጥያቄ ነው፤ ለአንዱ ጥያቄ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርስም። ያውም በእንግሊዝኛ። ያውም ሺፍት ጨርሶ ለመጣ ሰው። ነጥቡ ከ20 እስከ 80 ሲሆን፣ የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት ክሬዲት ይሰጥበት የሚለው 50 ላገኘ ነው። ማክሮ ኢኮኖሚክሱን መጀመሪያ ወድቃለች። የወደቀ ሰው ያንኑ ፈተና ለመድገም ሦስት ወር መጠበቅ አለበት። ጠበቀች፣ አጠናች፣ አለፈች። በጠቅላላው ዘጠኝ ፈተና አለፈችና 27 ክሬዲት ሰበሰበች። 18 ክሬዲት በየወሩ 100 ዶላር ገደማ እየከፈሉ በራስ ፍጥነት ከሚወስዱት የኦንላይን ኮርስ አገኘች። ቀሪውን 30 ከዩኒቨርሲቲው ከራሱ ወሰደች፤ ለሁለት ዓመት ተኩል፣ ማታ ማታ። ከኪሷ ያወጣችው 12 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። የአንድ ዶላር ሎን የለባትም።

እንግዲህ ሰውየው የፈተና ዲግሪ ያለው ይህንን ነው። ቆጥራችሁ ከሆነ በፈተና የመጣው ከ120ው 27 ብቻ ነው። ግን 120ውም በፈተና ቢመጣስ? እኔ የምለው ይህንኑ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኤሲሲኤ የሚባለውን የሒሳብ ሙያ ማረጋገጫ የጨረሰ ሒሳብ ሠራተኛ ሲመጣ የምንቆምለት ለምንድን ነው? የትኛው ክፍል ውስጥ እንደተቀመጠ ጠይቀን እናውቃለን? ኤሲሲኤ 13 ፈተና ነው፤ ቤቱ ያጥና፣ ትምህርት ቤት ይግባ፣ ማንም አይጠይቀውም። አገር ቤትም ቢሆን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጠ ተማሪ የመውጫ ፈተናውን ካላለፈ ዲግሪውን አይወስድም። ወንበር ብቻውን በቂ አለመሆኑን መንግሥትም ተቀብሎታል።

የክሬዲት ሰዓት የሚባለው መለኪያ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው ወንበርን እንዲህ አይፈራም። እ.ኤ.አ. በ1905 ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ የሚሆን 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ገንዘቡን የያዘው ተቋም የትኛው ግቢ እውነተኛ ኮሌጅ እንደሆነ መለየት ነበረበት። ስለዚህ ወደ ኮሌጅ የሚገባ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃ ላይ በአንድ ትምህርት ስንት ሰዓት እንደተማረ የሚቆጥር ሚዛን አበጀ፤ 120 ሰዓት አንድ ዩኒት ተባለ። ኮሌጆቹም ጡረታውን ፈልገው ሚዛኑን ተቀበሉ። የዛሬው ክሬዲት የዚያ ቆጠራ ዘር ነው። ሰውየው ድግስ ላይ ጎንበስ ብሎ የተሟገተለት ወንበር መነሻው የመምህራን ጡረታ ነው።

እኛ ከዚህ የተሻለ ሚዛን ነበረን። በጉባኤ ቤት ወንበር የሚባለው የመምህሩ ነው፤ «ወንበር ዘረጋ» የምንለው ሊያስተምር ለበቃ ሰው ነው። ተማሪው መሬት ላይ ይቀመጣል፣ አለዚያም ቆሞ ይቀጽላል፤ ስንት ክረምት እንደተቀመጠ የሚቆጥርለት የለም። ድጓ የሚማር ሰው ጎጃም ይማር ወሎ፣ ሦስት ዓመት ይፍጅበት ዘጠኝ፣ መጨረሻ ላይ ጋይንት ወርዶ ቤተ ልሔም ያስመሰክራል። ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ደግሞ ዙር አባ ሄዶ ያስመሰክራል። የት ተማርክ ሳይሆን አሰማን ይባላል። ያሰማ ይመረቃል፣ ያላሰማ ተመልሶ ያጠናል። ይህን ሥርዓት ለዘመናት ይዞ የኖረ ሕዝብ ልጅ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመውን ቶማስ ኤዲሰን ዩኒቨርሲቲን፣ ኮነቲከት ውስጥ በ1973 የተቋቋመውን ቻርተር ኦክ ኮሌጅን ሲሰማ ሊገርመው አይገባም። ሁለቱም የመንግሥት ናቸው። ሁለቱም የተሠሩት ሌላ ቦታ የተማረ አዋቂ ሰው መጥቶ እንዲያስመሰክር ነው። የእኛው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ግሎባል ካምፓስም እስከ 90 ክሬዲት ከሌላ ቦታ ይቀበላል።

እርግጥ በፈተናው መንገድ የኔታ የለም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ አልሸሽገውም። ጉባኤ ቤት ከማስመስከሩ በፊት የኔታ አለ፣ ተግሣጽ አለ፣ አብሮ የሚቀጽል ጓደኛ አለ። ይህችን ሴት ስጠይቃት ከሁሉ የከበዳት ማታ ያለ መምህር ከመጽሐፉ ጋር መፋጠጧ እንደነበር ነገረችኝ። ሆኖም የኔታ አላጣችም። በየወሩ የሚከፍል አንድ የፓርኪንጉ ደንበኛ የሒሳብ ባለሙያ ነበር። የእርጅና ቅናሽ አልገባ ብሏት ስትጨነቅ መኪናውን አቁሞ፣ በመስኮቷ በኩል ቆሞ፣ በራሱ መኪና ምሳሌነት አስረዳት፤ በስንት እንደገዛት፣ በየዓመቱ ስንት እንደምትቀንስ፣ ሲሸጣት ስንት እንደምታወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዷ መኪና ስትገባ በልቧ ስታሰላ ታመሻለች። ወንበር ያላት ከሆነ ይህ ነው ወንበሯ፤ በክረምት ማሞቂያው የማይደርስበት የመስታወት ዳስ።

በሌላ በኩል የአጎቴን ልጅ አስባለሁ። እዚህ አገር እንደገባ አንድ ለትርፍ የሚሠራ ኮሌጅ ማስታወቂያ አይቶ ተመዘገበ። ክላሱ በመስታወት ያበራል፣ ወንበሩ ይሽከረከራል። ሦስት ዓመት በየማታው ሄደ። 38 ሺህ ዶላር ተበደረ። ከዚያ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ልዛወር ሲል አንዱንም ክሬዲት የሚቀበለው አጣ። ኮሌጁ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያውቁት ዕውቅና አልነበረውም። እስከ ዛሬ ኡበር እየነዳ ያንን ሎን ይከፍላል። ድግሱ ላይ የነበረው ሰው እሱን ቢያገኘው «ክላስ ቁጭ ብሎ ተምሯል» ይለው ነበር።

ይህን የምነግራችሁ ርካሽ የሆነ ሁሉ ጥሩ ነው ለማለት አይደለም። ዲግሪ የሚሸጡ አሉ፤ ፈተናም፣ ትምህርትም፣ ምንም የማይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ካራቺ ላይ የተቀመጠ አግዛክት የሚባል ኩባንያ በሌሉ ዩኒቨርሲቲዎች ስም ዲግሪ ለዓለም ሲቸበችብ ተጋልጧል። የሥራ ልምድህን ብቻ ንገረን፣ ካርድህን ስጠን፣ በሳምንት እንልክልሃለን የሚልን ሰው ሽሹት። እውነተኛው መንገድ ሁልጊዜ ያስፈትናል። ስለዚህ አንድ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ዲግሪውን የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር ዘንድ የታወቀ ዕውቅና እንዳለው እዩ። ከዚያ እናንተው የመረጣችሁትን ዩኒቨርሲቲ የትኛውን ፈተና ለየትኛው ኮርስ እንደሚቀበል ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ያዙ፤ በስልክ የተነገረ አይበቃም። ሁሉም ቦታ እኩል አይቀበልም፤ የላይኛው ዓመት የቢዝነስ ኮርሶች ደግሞ በፈተና የሚገኙት ጥቂቶች ናቸው። ሲፒኤ፣ ማለትም ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ፣ መሆን የምትፈልጉም የግዛታችሁን ቦርድ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ወደ ድግሱ ልመለስ። ማታ ሊበተን ሲል ኩሽና ገብቼ ስለሰማችው ነገር ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ዝም ስላልኩ። ሳህን እያጠበች ነበር። ሰውየው ልክ ነው ብላ ያዘነች ነበር የመሰለኝ። አልነበረም። «ጋሼ፣ እኔን ያሳዘነኝ ልጄ መስማቱ ነው» አለች። ትልቁ ልጇ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። እሷ ከሥራ ገብታ ስታጠና እሱም ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ያጠና ነበር፤ ቃላቱን በፍላሽ ካርድ የሚጠይቃት እሱ ነበር። ማክሮውን የወደቀች ቀን ከእሷ በላይ ያዘነው እሱ ነው። ሰውየው የናቀው የእናትየዋን ዲግሪ ብቻ ሳይሆን የልጁንም ማታዎች ነው።

እኔ በዚህ ጉዳይ ከሽማግሌዎቻችን የምጠብቀው አለ። ምርቃት ላይ ስንሄድ መርቀን እንመለስ። ማጣራት የፈለገ ሰው ሰኞ ጠዋት ለዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ደውሎ ያጣራ፤ ልጅ በተቀመጠበት፣ እናት ሳህን በያዘችበት ቤት አይደለም።

ይህን የምታነቡና ሻንጣ ውስጥ የኮሜርስ፣ የአራት ኪሎ፣ የማታው ኤክስቴንሽን ወረቀት ያላችሁ ሁሉ፣ በዚህ ሳምንት አውጡት። ትራንስክሪፕታችሁ አገር ቤት ከቀረ ለወንድም ወይም ለእህት ውክልና ልካችሁ ሬጅስትራር ድረስ ይሂዱላችሁ። ተመራቂዋ የሒሳብ አያያዝ መጽሐፏን ለሚቀጥለው ሰው እንድሰጥላት እኔ ዘንድ ትታዋለች። ኅዳጉ ላይ ሁሉ በእርሳስ በአማርኛ ጽፋበታለች፤ ተሰብሳቢ፣ ተከፋይ፣ የእርጅና ቅናሽ። የምትፈልጉት ካላችሁ ቤቴ ነው ያለው፤ መጥታችሁ ውሰዱት።